ዳገት ያልቻለ ልብ

መጀመሪያ ያበጡት ቁርጭምጭሚቶቼ ናቸው። ጫማው ሲጠበኝ ሰፊውን ገዝቼ ነገሩን ዘጋሁት። ቀጥሎ ሆዴ ተነፋ። በደርግ ጊዜ ደባርቅ ላይ የእህል ነጋዴ ሆድ ሲተልቅ ሐኪም አይጠራም፤ ቀበሌ ይጠራል። ሊቀመንበሩ ሆዴን እያየ፣ «ጓድ፣ ሕዝቡ ከስቶ አንተ ብቻ ትሰባለህ?» አለኝ። መጋዘኔን ፈተሹ። ደረቴን የፈተሸ አልነበረም።

ትንፋሼ ማጠር ሲጀምር፣ የደጋ አየር ይሻልሃል አሉኝ። የዛሪማ ተወላጅ፣ የቆላ ሰው ነኝና አመንኩ። ገብስም ልገዛ፣ ልድንም ብዬ በበቅሎ ከደባርቅም በላይ ወዳለው ደጋ፣ ወደ ጊች መንደር ወጣሁ።

በሦስተኛው ቀን ከንፈሬ ጠቆረ። አምስት እርምጃ አቃተኝ። ወደቅሁ።

ያሳደሩኝ ገበሬ አያ ሞላ አንገቴን ዳሰሱ። የደም ሥሩ ገመድ አክሎ ነበር። «ከቆላ ያመጣሁት በሬ እንዲህ ፍርምባው አብጦ ነው የሞተብኝ። ሁለተኛውን ቶሎ ቁልቁል ነድቼው ተረፈ። አውርዱት!»

«አያ፣ ከበሬ እኩል አደረጉኝ?»

«በሬው ይሻላል፤ አይከራከርም።»

በቃሬዛ አወረዱኝ። ሲያጋድሙኝ ታፈንኩ። ጀርባዬን በጆንያ ደግፈው ቀና አደረጉኝ።

ደባርቅ ጤና ጣቢያ ባለቤቴ እያለቀሰች፣ «ደክሟል፣ ግሉኮስ ስቀሉለት!» አለች። እኛ አገር ግሉኮስ ያልተሰቀለለት በሽተኛ እንደ ተዘረፈ ይቆጠራል። ጤና ረዳቱ እምቢ አለ፤ «እትዬ፣ በሞላ ማድጋ ላይ ውሃ አይጨመርም።» ኦክስጅን ስላልነበረው ውሃ በሽንት የሚያስወጣውን ላሲክስ ወግቶ ጎንደር ሆስፒታል ላከኝ።

እዚያ ኦክስጅን ሰጡኝ። ሐኪሙ፣ «ፐልሞናሪ ሃይፐርቴንሽን ነው» አለኝ። «በሳንባህ የደም ሥሮች ግፊቱ በርትቷል፤ የልብህ ቀኝ ክፍል መግፋት አቅቶታል። ደጋው አባሰው። ግሉኮሱ ቢጨመርበት አትደርስም ነበር።»

አጠገቤ የተኛው የዳባት ሰው እንደኔው ያበጠ ነበር። ዘግይቶ መጣ። በአራተኛው ቀን አረፈ።

እኔ ግን ጨው የሌለው ሽሮ እያማረርኩ፣ በላሲክሱ ውሃው ቀን በቀን እየጎደለልኝ፣ በወሩ በእግሬ ከሆስፒታሉ ወጣሁ። ሙሉ በሙሉ አልዳንኩም። ሐኪሙ ቆላ ኑር ስላለኝ ሱቄን ዘግቼ ዛሪማ ገባሁ።

እግርህ ካበጠ፣ ትንፋሽህ ካጠረ፣ የአንገትህ ሥር ከተወጠረ አየር ልቀይር ብለህ ዳገት አትውጣ። ቀና ብለህ ተቀመጥ፤ ቶሎ ወደ ሐኪም ውረድ። ግሉኮስ ካልተሰቀለልኝ ብለህም አትሟገት።

አያ ሞላ ማረፋቸውን ገበያ ላይ ሰማሁ። ነፍሴን ያተረፉልኝን ሰው ለቅሶ መድረስ አልቻልኩም፤ ቤታቸው እዚያው ጊች ዳገት ላይ ነው። ልጆቻቸው ይቅር እንዲሉኝ ላክሁባቸው። «አባታችን ቢኖሩ ‹እንዳትወጣ!› ይሉህ ነበር» ብለው መለሱልኝ።