ለምድጃ የመረጥኩት ጥግ

ነገሩ የጀመረው ዴንቨር፣ ፓርክ ሂል በሚባለው ሰፈር ነው። ታክሲ ትቼ በስልክ የሚጠሩኝን ሰዎች ማመላለስ በጀመርኩበት ዓመት፣ የአንዲት አሮጊት ደንበኛዬን ሻንጣ ይዤ እስከ ሳሎናቸው ገባሁ። ጥጉ ላይ፣ ከወለሉ ከፍ ብሎ በተሠራ የድንጋይ መደብ ላይ፣ ትንሽ ጥቁር የብረት ምድጃ ተቀምጦ እንጨት ይነድበታል። ውጭ በረዶ ይጥላል። ሴትዮዋ ሲያመሰግኑኝ እኔ እሳቱ ላይ ፈዝዣለሁ።

ከዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ ያለው ሳሎናችን እንደማንኛውም ሳሎን አራት ጥግ አለው። አንዱ ጋ በር፣ አንዱ ጋ ደረጃ፣ አንዱ ጋ ትልቅ መስኮት አለ። አራተኛው ባዶውን የኖረ ነው። ምንጣፉ ላይ በሰማያዊ ፕላስተር የመደቡን ቅርጽ አሰመርኩ፤ ከሁለቱም ግድግዳዎች እኩል ርቆ፣ ፊቱን ወደ ሳሎኑ መሐል ያዞረ። ፍም ቢፈናጠር ምንጣፉን እንዳያገኘው ድንጋዩ ስንት ኢንች ወደፊት መውጣት እንዳለበት፣ ጭስ ማውጫው በየትኛው ግድግዳ እንደሚወጣ፣ ሁሉንም ለክቼ ጻፍኩ፤ ከከተማውም የግንባታ ፈቃድ፣ ፐርሚት የሚሉትን፣ ጠየቅኩ።

ከሥራ ስመለስ ጫማዬን አውልቄ ከፕላስተሩ ፊት ለፊት እጋደማለሁ። ዓይኔን ጨፈን ሳደርግ እሳቱ ይመጣል። እንጨቱ ሲንጣጣ እሰማለሁ፤ እስከ እግሬ ጣት ድረስ ይሞቀኛል። መንገዱ ላይ የሚያልፉት መኪናዎች ድምፅ እየራቀ እየራቀ ይሄዳል። ደስ ይለኝ ነበር።

ሚስቴ ፕላስተሩን እየዘለለች ታልፋለች።

«ዛሬስ ሞቀህ?» ትለኛለች።

«በጣም።»

«እንግዲያው ፐርሚቱን ካንስል አድርገው፤ በነፃ እየሞቅክ ነው።»

እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ ከእኛ ጋር መኖር የጀመረችው በዚያው ዓመት፣ ቅጠል ሲረግፍ ነው። ሲበርዳት ጉልበቷን ያማታል፤ ምድጃውን ለእሷ ነው የምሠራው እል ነበር፤ እውነትም ግማሹ ለእሷ ነበር። የምትሰግደው ፎቅ ላይ ባለው ክፍሏ ነው። የመጣች ቀን ቂብላውን፣ ሲሰግዱ የሚዞሩበትን አቅጣጫ፣ ያሳየቻት ሚስቴ ናት።

እኔ መስገድ ካቆምኩ ዓመታት አልፈዋል። እናቴ ይህን እንዳታውቅብኝ አጥብቄ እፈራ ነበር። የሶላት ሰዓት ሲደርስ ሱቅ ደርሼ ልምጣ እላለሁ፤ ሃቫና ስትሪት ላይ የማያስፈልገንን ስንት ዳቦ እንደገዛሁ እኔው ነኝ የማውቀው። ሚስቴ ዳቦውን ተቀብላ ከትናንቱ ላይ ትደርበዋለች።

አንድ እሁድ እናቴ ደረጃውን ይዛ ቀስ እያለች ወረደች። እቅዴን በኩራት አሳየኋት። ምድጃው እዚህ፣ ድንጋዩ እስከዚህ፣ አንቺ ደግሞ ወንበርሽን አስጠግተሽ እዚህ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ቀና ብላ ኮርኒሱን አየች፤ የምትሰግድበት ክፍሏ ከላያችን ነው። ዓይኗ ከኮርኒሱ ተነስቶ ወደ ጥጉ ወረደ።

«ጥሩ ቦታ ነው» አለች። «እኔስ ክፍሌ አለኝ። አንተ የት ልትሰግድ ነው?»

ያኔ ነው የገባኝ። ከዴንቨርም ከአውሮራም ቂብላ ሰሜን ምሥራቅ ነው፤ ቤታችን ከደቡብ ወደ ሰሜን ከሚሄደው መንገድ ጋር ቀጥ ብሎ የቆመ ስለሆነ ቂብላው የሚያርፈው እዚያው ጥግ ላይ ነው። ፊትን ወደሚነድ እሳት አዙሮ መስገድ እንደማይወደድ ደግሞ በልጅነቴ ያስተማረችኝ ራሷ ናት። ኢንች በኢንች የለካሁት ሳሎን ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ሰግጄ ቢሆን ኖሮ ይህን ጥግ አልመርጥም ነበር። አፈርኩ። ሱቅ ልሂድ ማለት አማረኝ፤ ግን ተውኩት።

«እማ፣ እኔ እኮ…» አልኩ። አርባ ዓመት ያለፈኝ ሰውዬ እንደ ተማሪ አቀረቀርኩ። «ከሰገድኩ ብዙ ጊዜ ሆነኝ።»

«አውቃለሁ» አለች፣ ድምፅዋ ምንም ሳይለወጥ። «የተመለስክ ቀን ቦታ እንዳታጣ ብዬ ነው።»