የኮምፒውተሩ መጋረጃ

የሲሳይ እጅ ዋሽቶ አያውቅም። የሚዋሸው አፉ ነበር። መርሳ ከተማ፣ ከዋናው መንገድ ዳር፣ ግማሿ የብረት በር መበየጃ ግማሿ የኮምፒውተር መጠገኛ በሆነችው ሱቁ ሥራ ያሠራ ሁሉ የእጁን ነገር ይመሰክርለታል። የአፉን ግን ጥፋት ብሎ የቆጠረበት ሰው አልነበረም። እንዲያውም «ሲሳይ ክፉ ቃል አይወጣውም» እየተባለ ይመሰገንበት ነበር። ጎረቤቱ አዲስ ቤቱን ግማሹን አረንጓዴ ግማሹን ብርቱካናማ ቀብቶ «እንዴት ነው?» ቢለው፣ «ያምራል» አለ። አገሩ ይህን ጨዋነት ይለዋል፤ ሲሳይም አገሩን አምኖ አርባ ዓመት አለፈው።

በጦርነቱ ጊዜ ሱቁ ተዘርፎ እንደገና ከባዶ ከጀመረ ወዲህ አንድ ምኞት ብቻ ነበረው፦ ወልድያ መግባት። ቢሮው እዚያ ነው፣ ዩኒቨርሲቲው እዚያ ነው፣ ኮምፒውተር የሚበላሽበት ሰው ሁሉ እዚያ ነው። ይህን ምኞት ሊፈጽምለት የሚችለው ደግሞ ናትናኤል ነበር። ናትናኤል ወልድያ ውስጥ ሰርግ የሚቀርጽበት ስቱዲዮ አለው፤ የስቱዲዮው የፊት ክፍል ባዶውን ነው።

ከገና በፊት አንድ ቀን ናትናኤል የሥራ ኮምፒውተሩን በባጃጅ ጭኖ መርሳ ድረስ መጣ።

«ሲስዬ፣ ይሄ ሣጥን ደንበኛ ፊት እንደ ሰነፍ ተማሪ ጥግ ይዞ ሲቆም አላማረኝም» አለ። «ጎኑን ክፈትልኝ። መስታወት ይግባለት፣ መብራት ይብራበት፣ አንጀቱ ይታይ።»

«አንጀቱን ልታይ ነው ወይስ ዕቃ እንዳልቀየርኩብህ ልታረጋግጥ?»

«ሁለቱንም!» ብሎ ሳቀ ናትናኤል። ሲሄድ ግን ከበሩ ተመለሰና «ደግሞ ስማ፤ ጥር በሰላም ይለፍልኝ እንጂ የፊቱ ክፍል ያንተ ነው» አለው።

ሲሳይ በዚያ ሥራ ላይ የተጠበበውን ያህል በራሱ ቤት በር ላይ አልተጠበበም። የሣጥኑን የጎን ላሜራ ፈትቶ፣ ቀለሙ እንዳይጫር ሁለቱንም ፊት በወረቀት ፕላስተር ሸፈነና መስመሩን በእርሳስ አሰመረ። አራቱን ማዕዘን በድሪል በሳ፤ ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ በሴጌቶ ምላጭ ቀስ ብሎ ቆረጠ፤ የተቆረጠውን ጠርዝ ጣት እስኪያዳልጥ ድረስ በሞረድ አለሰለሰ። ለመስታወቱ፣ በኮሮና ጊዜ በየቢሮው መስኮት ተሰቅሎ ከነበረው እንደ መስታወት የጠራ ፕላስቲክ የተረፈ ቁራጭ ነበረው። የመጀመሪያው ቁራጭ ድሪሉ ቸኩሎበት ተሰነጠቀ። ሁለተኛውን ውኃ እያንጠባጠበ፣ እያረፈ በሳው። ዙሪያውን የባጃጅ መስታወት በሚታሰርበት ጎማ አለበሰና ከውስጥ በብሎን አሰረው። የፕላስቲኩን መከላከያ ልጣጭ ሲያነሣለት፣ ሽቦዎቹ እንደ ሹሩባ ተጎንጉነው፣ ማራገቢያዎቹ በሰማያዊ መብራት ሲዞሩ ታዩ።

«ኮምፒውተር ነው ወይስ የባጃጅ በር?» አለው አጠገቡ ጎማ የሚለጥፈው ዓሪፍ።

«ባጃጅ ቢሆን ኖሮ አንተ ታበላሸው ነበር» አለ ሲሳይ። ከላሜራው የወጣውን ባለ አራት ማዕዘን ቁራጭ ግን አልጣለውም። ስሙን ጽፎበት ወልድያ በአዲሱ ክፍል በር ላይ ሊሰቅለው አስቀመጠው።

ስቱዲዮውን ቀን ቀን የሚጠብቁት የናትናኤል እናት ወይዘሮ ሙሉወርቅ ነበሩ። ኪሮሻቸውን ይዘው ከበሩ አጠገብ ይቀመጣሉ። በወልድያ የእሳቸው ዳንቴል ያላረፈበት ቴሌቪዥንና ሶፋ ጥቂት ነው። አዲሱን ሣጥን ባዩ ጊዜ ደስ አላቸው፤ አንድ ነገር ግን ቅር አላቸው። መስኮት ተከፍቶለት ራቁቱን ቆሟል። በእሳቸው ቤት መጋረጃ የሌለው መስኮት ነውር ነው።

ሲሳይ በጥምቀት ሰሞን የሥራውን ደኅንነት ሊያይ ወልድያ ወጣ። ሣጥኑን ከላይ እስከ ታች ነጭ ዳንቴል ለብሶ፣ ጫፉ በቀይ ክር ተከፍፎ አገኘው። በመስኮቱ በኩል ዳንቴሉ ለሁለት ተከፍሎ በክር የሚሰበሰብ መጋረጃ ሆኗል። ሰማያዊው መብራት በዳንቴሉ ቀዳዳ እየሾለከ ግድግዳው ላይ ይርመሰመስ ነበር። አያምርም ብሎ መካድ ሐሰት ይሆናል። ሲሳይ ግን መዳፉን ከሣጥኑ አናት ላይ አኖረ። ሙቀቱ የሚወጣበት ወንፊት ከዳንቴሉ ሥር ተቀብሯል። ላሜራው ይፋጃል።

«እህ፣ አንተ ሲሳይ? አላማረበትም?»

ወይዘሮ ሙሉወርቅ ኪሮሻቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው መልስ ይጠብቁ ነበር። «ያንሡት» ማለት አንድ ቃል ነው። ያ አንድ ቃል ምላሱ ላይ ነበር።

«በጣም አምሯል፣ እትዬ። እጅዎ ይባረክ።»

«አሜን። እኔም ለናትዬ ነግሬዋለሁ፤ ያን ክፍል ለሌላ ሰው እንዳትሰጥ ብዬ!»

ይህን ከሰማ በኋላማ አፉ ጨርሶ ተዘጋ። ናትናኤል ለቀረጻ ወጥቶ ስለነበር ለብቻው ሊነግረው አሰበ፤ ሚኒባስ ውስጥ ስልኩን አወጣ፤ «እናትህን ይተዉት በላቸው» እንዴት ይባላል ብሎ መልሶ ኪሱ ከተተው። ሲሪንቃን ሲያልፍ የጥር ብርድ ያቀዘቅዘዋል ብሎ ራሱን አሳመነ። ላሜራው እንዴት እንደሚፋጅ መዳፉ ነግሮት ነበር። ይሉኝታ ብለን የምናከብረው ነገር ብዙ ጊዜ የክት ልብሱን የለበሰ ፍርሃት ነው፤ ሲሳይ ሴትዮዋን አላከበራቸውም፣ ክፍሉን እንዳያጣ ፈራ እንጂ። ያከበራቸው ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ነገር በእጃቸው እንዲፈጸም ባልፈቀደ።

የናትናኤል ደንበኛ የሆኑት የአቶ አያሌው ልጅ የቤዛዊት ሰርግ በዚያው ወር ተደገሰ። ናትናኤል ቀረጸው፤ ምስሉን ኮምፒውተሩ ላይ ገለበጠና ለሚቀጥለው ሰርግ የካሜራውን ሜሞሪ አጸዳ። ከዚያ ኮምፒውተሩ ቀኑን ሙሉ ፊልሙን እያቀናበረ እንዲውል ትቶት ሐራ ሌላ ሰርግ ሄደ። ወይዘሮ ሙሉወርቅ የመንገዱ አቧራ እንዳይገባ መጋረጃውን ዘጉለት። ማታ ናትናኤል ሲመለስ ክፍሉ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸት ነበር። መስኮቱ እንደ ቆሎ መቁያ ምጣድ ግሎ ጎብጧል። ሃርድ ዲስኩ ላይመለስ ሞቷል።

ሰርግ እንደገና አይደገስም። ይህኛው ደግሞ የከፋ ነበር። የአቶ አያሌው አባት የልጅ ልጃቸውን አቁመው የመረቁት በዚያ ቀን ነው፤ በሳምንቱ ዐረፉ። ድምፃቸው ያለው እዚያ ፊልም ውስጥ ብቻ ነበር።

አቶ አያሌው ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው ስቱዲዮው መጡ። ሲሳይም ተጠርቶ መጣ።

«ጤነኛ ሣጥን ቀዶ መስኮት ያወጣለት እሱ ነው» አለ ናትናኤል፣ ሲሳይን ሳያይ። «ከዚያ በፊት አንድ ቀን ታሞ አያውቅም።»

«መስኮቱ አይደለም» አለ ሲሳይ። «ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ነው። ጨርቁ... አናቱን የሸፈነው ጨርቅ ነው።»

ወይዘሮ ሙሉወርቅ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «የእኔ ዳንቴል? ይኸው አንተው ተናገር! አይተህ፣ በእጅህ ዳስሰህ፣ በጣም አምሯል፣ እጅዎ ይባረክ ብለኸኝ የለም?»

«ብለሃል?» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ።

«ብያለሁ።»

«ያን ጊዜ እንደሚያቃጥለው ታውቅ ነበር?»

ሲሳይ መሬት መሬቱን አየ። «ይሉኝታ ይዞኝ ነው፣ አባቴ።»

«እሳቸው አላወቁም። አንተ አውቀህ መረቅህ» አሉ ሽማግሌው።

አቶ አያሌው ካሳ አልጠየቁም። «የአባቴን ድምፅ በምን ትክሱኛላችሁ?» ብለው ባርኔጣቸውን አነሡና ወጡ። ናትናኤል የፊቱን ክፍል በዐቢይ ጾም መግቢያ ለሞባይል ሻጭ ሰጠው። ለሲሳይ ይህን የነገረው ሰው የለም፤ በሚኒባስ ሲያልፍ ከበሩ ላይ የተሰቀለውን የሌላ ሰው ስም አንብቦ ዐወቀ። ያ የላሜራ ቁራጭ አሁን መርሳ ውስጥ የሱቁን ጣሪያ ቀዳዳ ደፍኗል።

ከፋሲካ በኋላ ወይዘሮ ሙሉወርቅ ውርጌሳ ዘመድ ጥየቃ ሲወርዱ መርሳ ላይ ከመኪና ወርደው ወደ ሱቁ መጡ። የታጠፈ ነገር በነጠላቸው ሸፍነው ይዘዋል።

«ቂም ይዤ መቁረብ አልችልም» አሉ። «አንተም ልጄ ነህ። አጥቤ፣ የተቃጠለውን ጠርዝ እንደገና ሠርቼ አመጣሁልህ። ለአንተ ኮምፒውተር ይሁን።»

ዳንቴሉ ነበር። ሲሳይ ከወንበሩ ተነሥቶ፣ ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ተቀበላቸው። የሚሠራበት ኮምፒውተር ከኋላው በርቶ ነበር፤ የአንድ ትምህርት ቤት ፋይሎች እየገለበጠ።

«አልብሰው እንጂ፣ ልየው» አሉ።

አለበሰው። ጠርዙን አስተካከለ፤ መካከሉን ዘረጋ። ወንፊቱ ተሸፈነ።

«እህ? አላማረበትም?»

ከዳንቴሉ ሥር የማራገቢያው ድምፅ ቀስ እያለ ከፍ ማለት ጀመረ። ሲሳይ ይሰማዋል። ምን ማለት እንደሆነ በመርሳ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

«በጣም አምሯል፣ እትዬ» አለ፤ ዱካ አምጥቶም አስቀመጣቸው።