አበባው እስኪወጣ

ፀጉር አስተካካዩን የሰፈሩ ሰው «መልስ አያጣ» ይለዋል። ስለ መኪና ሞተርም ጠይቁት፣ ስለ ጥርስ ሕመምም፣ ስለ ጎረቤት ትዳርም፤ መቀሱ ሳይቆም መልሱ ከተፍ ይላል። ደንበኞቹ ይስቁበታል እንጂ አይጎዱበትም ነበር። የተጎዳችው ሚስቱ ናት።

አንድ እሑድ ከከተማው ዳር ካለው ሜዳ አንድ እቅፍ ቅጠል ለቅሞ መጣ። «ይሄ ጎመንን ያስንቃል፣ እኔን እመኚኝ!» አላት። አመነችው። በሽንኩርት ጠብሳ፣ እሱ እጁን እስኪታጠብ ቀድማ ቀመሰች፤ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ተሮጠ። ነፍሷ ተርፋ ወደ ቤቷ ስትመለስ አንድ ክፉ ቃል አልተናገረችውም። ብትሰድበው በስንት ጣዕሙ! ብቻ ከዚያ ወዲህ ከእጁ ምንም አትቀምስም። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ ከገበያ ገዝቶ ያመጣውን ቲማቲም እንኳ ወደ ጎን ትታ የራሷን ትገዛለች። ትዳር ብዙ ነገር ይችላል፤ ይህን ግን እንዴት እንደሚችለው ጨነቀው።

ጡረታ የወጡ አንዲት የእፅዋት አስተማሪ ቅዳሜ ቅዳሜ ፈቃደኞችን ይዘው ሜዳ ለሜዳ እንደሚዞሩ ሲሰማ ሱቁን ዘግቶ ሄደ። በመጀመሪያው ቀን ሴትዮዋ አንድ ተክል ሲያሳዩ እሱን ማን ቀድሞት! «ይሄማ ናና ነው!»

«በምን አወቅህ?»

«በጠረኑ ነዋ፣ እትዬ!»

«ግንዱን ዳሰስከው?»

አልዳሰሰውም። በጣቶቹ መሃል ሲያንከባልለው ክብ ነው። የናና ግንድ አራት ማዕዘን እንዳለው ነገሩትና «ምላስህን ከጣትህ አታስቀድም፣ ልጄ» አሉት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ በኀፍረት ጆሮው ድረስ ጋለ፤ ቢሆንም በሳምንቱ ተመለሰ።

ተንበርክኮ ማየት ለመደ። ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የሚበቅሉት ወይስ ተራ በተራ? ሲቀነጠስ ወተት ያወጣል? ጀርባው ላይ ጸጉር አለው? ጸጉሩንስ ተዉት፣ እሱ የእንጀራው ጉዳይ ነው። የከበደው ሌላ ነበር። አንዱ የሚበላ፣ ሌላው የሚገድል ሆኖ ቅጠላቸው እንደ መንትያ የሚመሳሰል ተክሎች አሉና፣ አስተማሪዋ አበባው ሳይታይ ስም መስጠትን አይፈቅዱም። «አላውቅም በል» ይሉታል። ያቺን ቃል ሲናገር ጥርሱን እንደሚያስነቅል ሰው ይሆናል።

በሁለተኛው ዓመት፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ ያን እሑድ ለቀምኩት ብሎ የተሳሳተበትን፣ የሚበላው ነው ብሎ የገመተውን ተክል በዚያው ሜዳ አገኘው። በደንብ ሊያየው ጥቂት ቀጥፎ ወደ ቤት አመጣና የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። ሚስቱ ሳህን ታጥብ ነበር። ዞር አለች።

«ምንድነው እሱ?»

ከዚያ ቀን ወዲህ ስላመጣው ነገር ስትጠይቀው የመጀመሪያዋ ነው።

«የሚበላው ዓይነት ይመስለኛል። ግንዱም ልክ ነው፣ ቅጠሉም ልክ ነው።»

እጇን አደራርቃ ትክ ብላ አየችው። «ልቀቅለው?»

ይህን ጥያቄ ስንት ጊዜ ተመኝቶታል! አዎ ቢላት ልትበላለት እንደሆነ ፊቷ ይናገራል። መልሱ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

«አይ፣ ተይው» አለ። «አበባው አልወጣም። አላውቅም።»

ሰብስቦ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጨመረውና እጁን ታጠበ። ዕድሉ ያመለጠው መሰለው። እሷም ሳህኖቿን ጨረሰች።

እራት በልተው፣ እሷ የራሷን፣ እሱ የራሱን፣ ሲያበቁ ለራሱ ብርቱካን መላጥ ጀመረ። በጠረጴዛው ማዶ እጇን ዘረጋች።

«ለኔስ?» አለችው።