ጋሽ ሬንጅ እና ሃምሳ ስምንተኛው ድንጋይ

ጋሽ ሬንጅ በአሮጌው አውራ ጎዳና ላይ ሠላሳ አንድ ዓመት ጉድጓድ ደፍኗል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቀው የመሥሪያ ቤቱ ፋይል ብቻ ነው። ሬንጅ ከጥፍሩ ሥር ሙሉ በሙሉ የለቀቀው በሕይወቱ አንድ ጊዜ፣ በሠርጉ ዋዜማ ነው። እሱም ቢሆን እጮኛው በነጭ ጋዝና በሽቦ ፈግፍጋው ነው። “ከሥሩ ሰው መኖሩን ሳላረጋግጥ አላገባም ብዬ ነው” ትላለች ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ እስከ ዛሬ።

ጎዳናው የጥንት ነው። ንጉሥ በበቅሎ፣ ወታደር በእግሩ፣ ግብር ሰብሳቢ በፈረስ፣ ከግብር ሰብሳቢ የሚሸሸው ደግሞ ሁሉንም ቀድሞ ተመላልሶበታል። በየኪሎ ሜትሩ ቁጥር የተቀረጸበት ድንጋይ ቆሟል፤ ከአንድ እስከ ሰማንያ። ፈጣኑ አዲስ መንገድ ከተከፈተ ወዲህ አሮጌውን የሚያስታውሱት ጭነት መኪናዎች፣ ፍየሎችና የጥገና ቡድኑ ካቦ ጋሽ ሬንጅ ናቸው።

ችግሩ የመጣው ከቀኝ ጉልበቱ ነው። በታጠፈ ቁጥር ዘይት ያልነካው የብረት በር ይመስል ይጮኻል። አንድ ቀን የጥገና ክፍሉ ኃላፊ አስጠራው። ይህን ሰው ሠራተኞቹ በሌለበት “ማኅተሙ” ይሉታል፤ ወረቀት ሳያነብ ማኅተም ስለሚመታ ነው። የልደት ካርድ ቢያቀርቡለትም “ጸድቋል” ብሎ ይመታበታል።

“ጋሼ፣” አለ ማኅተሙ፣ አንድ እግሩ የተሰበረ ወንበሩ ላይ ዘመም ብሎ፣ “ሐኪሙ ስለ ጉልበትዎ ጽፏል። ከመጪው ወር ጀምሮ መጋዘን ይጠብቃሉ። ወንበር አለ፣ ጥላ አለ።”

“ጥላ መቼ ጠየቅሁ ጌታዬ?”

“ሐኪሙ እኮ ነው ያለው።”

“ሐኪሙ ጉልበቴን አየ እንጂ እኔን መቼ አየኝ? ጡረታዬ ሁለት ዓመት ነው የቀረው። መንገዴ ላይ ልጨርሰው።”

ለጋሽ ሬንጅ መጋዘን ማለት ቆርቆሮ የለበሰ መቃብር ነው። አካፋ ቆጥሮ መክፈት፣ አካፋ ቆጥሮ መዝጋት። ዐይኑ መውጫ ፍለጋ ሲንከራተት ከኃላፊው ጀርባ የተለጠፈ ማስታወቂያ ላይ አረፈ፤ “በታሪካዊው ጎዳና ከአንደኛው እስከ ሰማንያኛው ድንጋይ ሩጫ” ይላል።

“እሮጠዋለሁ” አለ።

“ምኑን?”

“ይሄን ከኋላዎ ያለውን። ሰማንያውን።”

ማኅተሙ ወንበሩ እስኪገለበጥ ሳቀ። ሦስት መሐንዲሶችም ለመሳቅ ተጠርተው መጡ። ሰው ሲበዛ አፍ አይያዝምና ማኅተሙ ፎከረ፤ “ጋሼ፣ በተፈቀደው አሥራ ሁለት ሰዓት ከጨረሱ የዝውውር ደብዳቤውን በእጄ እቀድደዋለሁ! ካልጨረሱ ግን በማግስቱ የመጋዘኑን ቁልፍ ይረከባሉ።”

ማታ ለሚስቱ ነገራት። የምትሰፋውን ቀሚስ የምትይዝበት የስፒል መርፌዎች በከንፈሯ ነበሩ።

“ስንት ነው የምትሮጠው?”

“ሰማንያ።”

“ሜትር?”

“ኪሎ ሜትር።”

እንደ ልቧ ለመናገር መርፌዎቹን ከአፏ አንድ በአንድ አወጣች። ስድስት ነበሩ። ስድስተኛው እስኪወጣ ጋሽ ሬንጅ የሠራውን ኃጢአት ሁሉ አስታወሰ።

“አንተ ሰው! ባለፈው እሑድ አምፖል ልቀይር ብለህ ወንበር ላይ ወጥተህ፣ የሚያወርድህ ጎረቤት ለምኜ የጠራሁት እኔ አይደለሁም?”

“መውጣቱ አይደለም፣ መውረዱ ነው የከበደኝ። መንገዱ ደግሞ ሜዳ ነው።”

ሦስት ቀን አኮረፈችው። በአራተኛው ከአሮጌ የሥራ ሰደርያው አንጸባራቂ ብርቱካናማ ቁምጣ ሰፍታ ወረወረችለት። “እንካ። የሚገጭህ ሾፌር አላየሁትም ብሎ እንዳይምል።”

በውድድሩ ቀን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሦስት መቶ ሰው ተሰለፈ። ገሚሱ እንደ ጥርስ ሳሙና ያለ ነገር ከቱቦ ይመጥጣል። ገሚሱ እግሩን ዛፍ ላይ ሰቅሎ ይጎትታል፤ ጋሽ ሬንጅ ሊያግዛቸው ምንም አልቀረው። ከሰልፉ ኋላ ሁለት መጥረጊያ የታሰረበት ፒክአፕ ቆሟል። የሚያቅታቸውን እየለቀመ የሚከተል “ጠራጊ መኪና” ይሉታል። መኪናውን ያዋሰው የጥገና ክፍሉ ነውና ማኅተሙ ድምፅ ማጉያ ይዞ፣ ደብዳቤውን በደረት ኪሱ አድርጎ ከሾፌሩ አጠገብ ጉብ ብሏል።

ሩጫው ሲጀመር የቀደመው ቀደመ፤ ጋሽ ሬንጅ ግን ከአንዲት ቀጭን ሴት ጋር ኋላ ቀረ። ሴትየዋ የጥርስ ሐኪም ናት። ሌላ ቦታ እንዲህ ያለ ረጅም ሩጫ ሁለቴ ሞክራ ሁለቴም በጠራጊ መኪና ተጭና ነው የገባችው። የእጅ ሰዓቷ በየኪሎ ሜትሩ፣ ከየድንጋዩ እኩል፣ እንደ ተቆጣች አስተማሪ ትናገራለች።

ዘጠነኛው ድንጋይ አጠገብ ጋሽ ሬንጅ ድንገት ቀጥ አለ።

“ጋሼ፣ አመመዎት?”

“ጉድጓድ!” ተንበርክኮ ጠጠር ሞላና በተረከዙ ደለደለ። “ትናንት አልነበረችም። ልጄ፣ ይህች ጠዋት ስኒ ታህላለች፣ ማታ ጎማ ትውጣለች።”

“የኔም ሥራ እሱው ነው” አለች። “ጠዋት ነጥብ ታህላለች፣ ማታ መንጋጋ ትጥላለች።”

ጋሽ ሬንጅ የሙያ ባልደረባ ያገኘ ሰው ሆኖ በአክብሮት አያት። ከዚያ በኋላ እሷ እየቀደመች፣ እሱ እየተሯሯጠ እየደረሰባት ተጓዙ። መድረሱ አልነበረም ችግሩ፤ መቆሙ ነው። ሯጭ ሁሉ ውሃ ሊጠጣ ሲቆም እሱ የተደፈነ የውሃ ቱቦ ሊከፍት ይቆማል። አርባኛው ድንጋይ ጋ ሲደርስ ሰባት ጉድጓድ ደፍኖ፣ ሁለት ቱቦ ጠርጎ፣ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ሸራውን አጥብቆ እስኪያስር ቆሞ ጨቅጭቋል። በዚህ ሁሉ ሃምሳ ደቂቃ ነጎደ።

ከኋላ ድምፅ ማጉያው አንባረቀ፤ “ጋሼ! ወንበሩ ተወልውሏል! ጥላም አለ!”

“ጋሼ፣” አለች ውርርዱን ከራሱ የሰማችው የጥርስ ሐኪም፣ “አንድ ጉድጓድ ቢጨምሩ መጋዘን ገቡ።”

እውነቷን ነው። ከዚያ ወዲያ ጉድጓድ እንዳያይ ወደ ሰማይ እያየ ሮጠ። በዚህም የተነሳ ሁለት ጉድጓድ ውስጥ ገባ፤ ግን አልደፈናቸውም። ጥርሱን ነክሶ፣ ይቅርታ ጠይቋቸው አለፈ።

ሃምሳ ሰባተኛውን ድንጋይ አለፉ። ሰዓቷ “ሃምሳ ስምንት ኪሎ ሜትር” ብላ ጮኸች፤ ድንጋይ ግን የለም። ሮጡ። የለም። ሰዓቷ “ሃምሳ ዘጠኝ” ስትል ሃምሳ ስምንተኛው ድንጋይ ምንም እንዳልሠራ ሰው ከሣሩ ውስጥ ብቅ አለ።

“ሰዓቴ አበደች!” አለች ሴትየዋ፣ በጥፊ እየመታቻት።

“አትምቻት። ጤነኛ ናት።” ጋሽ ሬንጅ ድንጋዩ ላይ ዘፍ አለ። “ያበደው ይኼ ነው። የተከልኩት እኔ ነኝ።”

በሥራው የመጀመሪያ ዓመት ጎርፍ ከሃምሳ ሰባተኛው በኋላ ያሉትን ድንጋዮች ጠራርጎ ወሰደ። እንደገና ሲተከሉ የሚለካው እንዲህ ነበር፤ በጭነት መኪና ጎማ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰራል፣ አንድ ቆጣሪ ከጎማው ጎን እየተራመደ ጨርቁ ስንት ጊዜ እንደዞረ ይቆጥራል። ሦስት መቶ ሠላሳ ሦስት ሲሞላ “ቁም!” ይላል፤ ድንጋይ ይተከላል። በዚያን ቀን ተራው የጋሽ ሬንጅ ነበር። ምሳ ተበልቷል፤ ፀሐዩም አናት ይበሳል። ከመራመድ ብሎ መኪናው መርገጫ ላይ ተቀመጠ፤ ጨርቁ ሲዞር፣ ሲዞር… ሲነቃ መኪናው ይሄዳል። ስንት እንደዞረ የሚያውቀው ፈጣሪ ብቻ ነው። “ቁም! እዚሁ ነው!” አለ። ሾፌሩም ቤቱ መግባት ፈልጎ ነበርና አልጠየቀም። የኋለኞቹ ድንጋዮች ከዚህኛው ተነስተው ስለተለኩ፣ ከተማው በር ላይ መቆም የነበረበት ሰማንያኛው በሩን አልፎ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ላይ አረፈ። የከተማው ሰውም ከተማችን አደገች ብሎ ተደሰተ።

“ሠላሳ ዓመት ማንም አልለካውም” አለ ጋሽ ሬንጅ።

“ዛሬ ሦስት መቶ ሰው በእግሩ እየለካው ነው! ጋሼ፣ ለዳኛው እንናገር። ሰዓቱ የተሰጠን ለሰማንያ ነው፣ እየሮጥን ያለነው ሰማንያ አንድ ነው።”

“ከተናገርኩ መጋዘኑም ይቀርብኛል። በሐሰት ድንጋይ የተከለ ካቦ ነው የምባለው። ነይ፣ በእግራችን እንካሰው።”

ቢክሱትም አልተካሰም። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ፣ ሰማንያኛው ድንጋይ ጋ ሲደርሱ የመድረሻው ሰዓት አሥራ ሁለት ሰዓት ከሰባት ደቂቃ ይል ነበር። ከኋላቸው አራት ሰዎች ተከታትለው ገቡ፤ አንዷ ጫማዋን በእጇ ይዛ ታለቅሳለች። የጥርስ ሐኪሟ መሬት ላይ ተቀምጣ “ሦስተኛዬ” አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለአስፋልቱ።

ማኅተሙ ከፒክአፑ ወርዶ ደብዳቤውን አወጣ። “ጋሼ፣ ሰባት ደቂቃ። ከልቤ አዝናለሁ።” ፊቱ ላይ ግን ሐዘን ቀርቶ የሐዘን ጎረቤት አልነበረም።

ጋሽ ሬንጅ ደብዳቤውን አየ፤ የምታለቅሰውን አየ፤ የጥርስ ሐኪሟን አየ። ብትናገርበት ይሻለው ነበር፤ እሷ ግን ምስጢሩን ይዛ አፏን አልከፈተችም። እሱ ከፈተ።

“ጌታዬ፣ እኔን መጋዘን ይክተቱኝ። እነዚህ ሰዎች ግን በሰዓታቸው ነው የደረሱት። መንገዱ ሰማንያ አይደለም፣ ሰማንያ አንድ ነው።”

“ማነው ያለው?”

“እኔ። ሃምሳ ስምንተኛውን ስንተክል ተኝቼ ነበር።”

ባሏን ልትቀበል የመጣችው ልብስ ሰፊዋ ከሕዝቡ መሐል ጮኸች፤ “ሠላሳ ዓመት አብሬው ስተኛ፣ ሌላ ቦታ መተኛቱን ዛሬ ገና መስማቴ ነው!”

የውድድሩ ዳኛ ግራ ተጋብቶ ከቦርሳው የጥገና ክፍሉ የሰጠውን ወረቀት መዘዘና ጮክ ብሎ አነበበ፤ “ርቀቱ ልክ ሰማንያ ኪሎ ሜትር መሆኑን ለክተን አረጋግጠናል።” ከሥሩ እንደ ሙሉ ጨረቃ የደመቀ ክብ ማኅተም አለ። ሰው ሁሉ ከማኅተሙ ወደ ባለማኅተሙ ዞረ።

“ማን ለካው?” አለ ዳኛው።

ማኅተሙ ከሯጮቹ ሁሉ በላይ አላበው።

“ማኅተም እግር የለው፣ በምኑ ይለካል?” አለች ልብስ ሰፊዋ።

ዳኛው የሐኪሟን ሰዓት አየ፣ የሌሎቹንም አየ፤ ሁሉም ሰማንያ አንድ ይላሉ፤ ቀድመው የገቡትም ሰዓታችን አበደ ብለው ትተውት ኖሯል። ለትርፉ ኪሎ ሜትር አሥር ደቂቃ ይታሰብላችሁ ብሎ ስድስቱንም በሰዓታቸው የገቡ አደረጋቸው። ጫማዋን የያዘችው ሴት ጫማዋን ወደ ሰማይ ወረወረች፤ አንዱ እስከ አሁን አልተገኘም ይባላል።

ማኅተሙ ጋሽ ሬንጅን ወደ ጎን ሳበው። “ጋሼ፣ በሞቴ እውነቱን ይንገሩኝ። ሌላ የተኙበት ድንጋይ አለ?”

“የኔ አንድ ነው። ግን ቆጣሪዎች ስድስት ነበርን። ስለ አምስቱ አላውቅም፤ ምሳ ግን እኩል ነው የበላነው።”

“የት ነው ያሉት?”

“ሁለቱ ሞተዋል፣ ሁለቱ የት እንደገቡ እንጃ። አንዱ ዋናው መሥሪያ ቤት ገብቶ የእርስዎ አለቃ ሆኗል።”

ማኅተሙ ግንባሩን ጠረገ። መንገዱ ሁሉ በእግር እንደገና መለካት አለበት፤ ያውም የማን ድንጋይ የት እንዳለ በሚያውቅ፣ አፉንም መያዝ በሚችል ሰው። እንዲህ ያለ ሰው በዓለም ላይ አንድ ነው፤ ብርቱካናማ ቁምጣ ለብሶ ፊቱ ቆሟል።

“ጉልበትዎስ?” አለ በቀጭን ድምፅ።

“ሰማንያ አንድ ኪሎ ሜትር ሄዷል፤ እሱን ይጠይቁት።”

ማኅተሙ ደብዳቤውን ለሁለት፣ ለአራት፣ ለስምንት ቀደደና መሬት ላይ ጣለው። ጋሽ ሬንጅ የሚስቱን ትከሻ ይዞ ቀስ ብሎ ጎንበስ አለና ቁርጥራጮቹን አንድ በአንድ ለቀመ። መንገድ ላይ ቆሻሻ አይጣልማ።