የአቻምየለሽ ሕግ

አቃቂ ውስጥ ባሏ የደበደባት ሴት መጀመሪያ የምታንኳኳው የአቻምየለሽን በር ነበር። አቻምየለሽ ዕድሜዋን በክር ፋብሪካ ጫጫታ ውስጥ የገፋች ሴት ናትና ሹክሹክታ አታውቅበትም፤ ለቀበሌው ሊቀመንበርም ሆነ ለእድሩ ዳኛ የምትናገረው እየጮኸች ነው። ሚስትን መደብደብ ወንጀል ነው የሚል አዲስ ሕግ ሲወጣ የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ እሷ ነበረች፤ የዚያን ቀን ልጅ የዳረች ያህል እልል አለች። አባቷ "በሕግ አምላክ ሲባል እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል" እያሉ ነው ያሳደጓት። እሷም ከልቧ አምና ኖረች።

ጎረቤቷ በድሪያ ግን አላመነችም። በድሪያ ከወሎ መጥታ አቃቂ ገበያ ሳልባጅ ልብስ የምትሸጥ፣ ሾፌር ባሏ መንገድ ላይ የቀረባት ሴት ናት። ሁለቱ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ሴት ልጅ መደብደብ የለባትም። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ጭቅጭቅ ነው።

"ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" ትላለች በድሪያ። "መንግሥት ማለት ሌላ ባል ነው አቻሜ። ለስብሰባና ለምርጫ ሲፈልግሽ ያቆላምጥሻል፣ በማግስቱ አያውቅሽም። የሴት መሸሸጊያዋ ሴት ናት።"

"እሺ፣ ስንቷን ቤትሽ ትሸሽጊያለሽ? ሕግ ካልያዘው ነገ ሌላዋን አግብቶ ይደበድባል!"

እንዲህ ሲነታረኩ ይውሉና ማታ ወጥ ይላላካሉ።

የአቻምየለሽ አንድያ ልጅ ልዕልት ያገባችው የሺዋስ የሚባል የቀበሌ ሚሊሺያ ነበር። ቀበሌው ጸጥታ አስከብር ብሎ ጠመንጃ ያስያዘው ሰው፣ የገዛ ቤቱን ጸጥታ የሚነሳው እሱ ራሱ ነው። አንድ ጠዋት ልዕልት ጥርሷ ወልቆ፣ አፏን በነጠላ ይዛ፣ እናቷ ቤት ሳይሆን በድሪያ ቤት ገባች። ለምን ቢሏት "እማዬ ቀበሌ ትሄድብኛለች፤ ከሰሰችኝ ብሎ ይገድለኛል" አለች።

በድሪያ አልጋዋን ለቀቀችላት። አቻምየለሽንም አስጠርታ "ነገ ኮምቦልቻ እህቴ ጋ እሰዳታለሁ። እስከዚያ አፍሽን ያዢ" አለቻት።

አፍሽን ያዢ! ለሰው ልጅ ስትጮኽ የኖረች ሴት ለራሷ ልጅ ዝም ልትል? ነጠላዋን አጣፍታ ቀበሌ ሄደች። ጸሐፊው ወንበር ሰጣት፣ ከልቡ አዘነላት።

"ጥበቃ እንድናደርግላት፣ አሁን የት ነው ያለችው እትዬ አቻምየለሽ?"

"በድሪያ ቤት" አለች፣ ደረቷን ነፍታ። ለጥበቃ የሚላኩት ያው ሚሊሺያዎቹ እንደሆኑ፣ ቀበሌው በር ላይ ከየሺዋስ ጋር አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ እንደሚቀመጡ ታውቃለች። ግን ያን ጊዜ አልታያትም።

ምሳ ሳይደርስ የሺዋስ ጠመንጃውን አንግቶ መጣና የበድሪያን በር በእግሩ ይመታ ጀመር። ያቺ በሕግ ስታላግጥ የኖረች በድሪያ ከውስጥ በሩን በጀርባዋ ደግፋ "በሕግ አምላክ! በሕግ አምላክ!" እያለች ጮኸች። ሌላ የምትለው አልነበራትም። ሰውየው አልቆመም። የቆርቆሮው በር ከነማጠፊያው ተገንጥሎ በላይዋ ወደቀ። ከሥሩ ተጋድማ ተኩሱን ሰማች። ልዕልት አልጋው ላይ ቀረች።

የሺዋስ ተፈረደበትና ወህኒ ወረደ። ሊያጽናኗት የሚመጡት ሁሉ "ይኸው ሕጉ ፈረደልሽ" ይሏታል። አቻምየለሽ እንደ ድሮው አትጮኽም።

"ለሬሳ ነው የፈረደው" ትላለች። "ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። የቀደድኩት እኔ ነኝ።"

ማኅበሩንም ተወችው።

ዓመት ሳይሞላ፣ ዓይኗ ያበጠ አንዲት ልጅ ከገላን ኮንዶሚኒየም መጥታ በሯን አንኳኳች፤ ማኅበሩን መተዋን አልሰማችም። አቻምየለሽ ቀበሌ አልወሰደቻትም። እጇን ይዛ በድሪያ ቤት አስገባቻትና ዱካ ላይ አስቀመጠቻት።

"ሸሽጊልኝ በድሬ።"

የበድሪያ ፊት ጠቆረ። "ፖሊስ ጣቢያ ውሰጃት። እኔ በር የለኝም።"

"ለእነሱ? የእኔዋን የሰጠኋቸው አይበቃም?"

"ጠመንጃን በጀርባዬ ልመልስ? ሞከርኩት እኮ! መሣሪያ ያለው ይጠብቃት!"

"የሴት መሸሸጊያዋ ሴት ናት ያልሽው አንቺ አይደለሽም?"

"ሕግ ወራጅ ውሃ ያቆማል ያልሽውስ አንቺ አይደለሽም?"

አንዷ የሌላዋን የድሮ ቃል እየወረወረች፣ ሁለቱም እያለቀሱ ተጯጯኹ። አንጀታቸው ያረረ ሴቶች ናቸው፣ ማን ይፍረድባቸው። ደክሟቸው ወደ ልጅቷ ሲዞሩ ዱካው ባዶ ነበር።

ሮጠው ወጡ። ልጅቷ ሻሿን እስከ ዓይኗ ስባ፣ የገላን ሚኒባስ ወደሚጭንበት፣ ወደ ባሏ ቤት እየሄደች ነው። አቻምየለሽ "በሕግ አምላክ" ልትል አፏን ከፈተች፤ ቃሉ አልወጣ አላት። ስሟን እንዳትጠራ፣ ማን ልበልሽ ብላ አልጠየቀቻትም።

"ልዕልት!" ብላ ጮኸች። "ልዕልት! ልጄ!"

ልጅቷ ስሟ አይደለምና ዘወር ሳትል ሚኒባሱ ውስጥ ገባች።