እጃችሁን አጣጥፉ

የሕፃናት ማቆያው ምግብ አብሳይ ነኝ። ወጥ ቤቴን ከሦስት ዓመት ልጆች ክፍል የምትለየው አንዲት ሳህን ማቀበያ መስኮት ናት፤ በእሷ በኩል ሾርባ ይወጣል፣ ወሬ ይገባል። ስለዚህ ይህን ሁሉ ያየሁት በገዛ ዐይኔ ነው፤ አጋነነች የሚለኝ ካለ መጥቶ ዘበኛውን ይጠይቅ።

የክፍሉን ሞግዚት «እትዬ ቁጢጥ» ነው የምንላት። ልጅ ሲያናግራት ቆማ ሰምታ አታውቅም፤ ቁጢጥ ትልና ዐይኗን ከዐይኑ ትክክል ታደርጋለች። ጉልበቷን ያማታል፤ ስትነሳ ጠረጴዛ ካልተደገፈች አይሆንላትም። «አንቺ ሴትዮ፣ ወንበር ሳቢ እንጂ!» ስላት «ወንበር ላይ ሆኜ የማየው አናታቸውን ነው» ትለኛለች።

አፍ ያልፈታ ልጅ ምን እንደፈለገ ማወቅ ለእሷ ችግር አልነበረም። ካልሲውን የሚጎትተው ሽንቱ መጥቷል፣ አሻንጉሊቷን የምትወረውረው እንቅልፏ መጥቷል። እናቶች «እኔ የወለድኩት እንኳ ያላወቅኩትን!» ይሏታል። ሐሜት አይሁንብኝና፣ በዚህ ትንሽ ትኮራ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን አንድ ባለታክሲ ሽማግሌ የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ወላጆቹ ልብስ ሰፊዎች እንደሆኑና ሥራ እንደሚበዛባቸው ተናገሩ፤ ከዚያ በኋላ ጠዋት «ደህና ዋሉ»፣ ማታ «ደህና እደሩ» ነው፣ በቃ። ከእሳቸው አፍ ቃል ማውጣት ጥርስ ከመንቀል አይተናነስም። ልጁ ደግሞ ባሰ። ሲጠሩት ይዞራል፣ በር ሲንኳኳ ይሰማል፤ እሱ ግን አንዲት ቃል አይተነፍስም። ሰው ሲፈልግ ትከሻ ይመታል፣ ወለሉን በእግሩ ይደበድባል፣ አገጭ ይዞ ፊትን ወደ ራሱ ያዞራል። እጆቹ አያርፉም። ያኔ ባለጌ ነው አልን፤ እኔማ «አያትየው አቀብጠውት ነው» ብዬ ፈርጄ ጨርሼ ነበር።

እኛ ቤት ደግሞ አንድ ደንብ አለ። ተረት ሲነገርና ምግብ ሲጠበቅ «እጃችሁን አጣጥፉ!» ይባላል። ልጆቹ ሁሉ ክንዳቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጭጭ ይላሉ። እሱ እምቢ ይላል። እትዬ ቁጢጥ በፍቅር፣ እየሳመችው፣ ሁለቱን እጆቹን ሰብስባ ታጣጥፍለታለች። ያኔ ይነክሳል። እሷን ነከሳት፣ ረዳቷን ነከሳት፣ አንድ ቀን አጠገቡ የተቀመጠችውን ልጅ ጉንጯ ላይ ነከሳት። የልጅቷ አባት ግንበኛ ነው፤ በር ላይ ቆሞ «ወይ እሱ ይወጣል፣ ወይ ልጄን አወጣለሁ!» ብሎ ጮኸ። ኃላፊያችን ክፉ ሰው አይደለችም፤ ግን ግራ ገባት። አርብ ወላጆቹ መጥተው ልጁን እንዲወስዱ ለሽማግሌው ነገረቻቸው። እኒያ ልብስ ሰፊዎች ሌላ የሚያስቀምጡበት ቦታ አልነበራቸውም። እትዬ ቁጢጥም ወጥ ቤቴ ገብታ፣ የድንች ልጣጭ መሀል ተቀምጣ አለቀሰች። «ምን እንደሚለኝ አላውቅም፤ አንድም ቀን አላወቅኩለትም» አለችኝ። ሻይ ሰጠኋት።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ይባላል፤ እውነት ነው። አርብ ማታ ሽማግሌው ታክሲያቸውን ውጭ አቆሙና አንዲት ቀጭን ሴት ብቻዋን በሩ ላይ ታየች። ዘበኛው «ማንን ፈልገሽ ነው?» ቢላት ዝም። ደግሞ ቢጠይቃት ዝም። «ኩሩ ናት» ብሎ ፊቱን አዞረ። በዚህ መሀል ልጁ ከክፍሉ ሲወጣ እናቱን አያት።

ወደ እሷ አልሮጠም። ግቢው መሀል ቀጥ ብሎ ቆመና እጆቹን አነሳ። እሷም አነሳች። ከዚያማ ምን ልበላችሁ! ጣቶቹ ይታጠፋሉ፣ ይዘረጋሉ፣ ደረቱን ይነካል፣ ወደ ክፍሉ ይጠቁማል፣ ቅንድቡ ይወጣል፣ ይወርዳል። ትጠይቀዋለች፣ ይመልሳል፤ ያቋርጣታል፤ ትቆጣዋለች፤ ይከራከራታል። ያ ቃል የማያውቅ ያልነው ልጅ ለካ ለፍላፊ ነው! ድስቱን እንደያዝኩ ወጥ ቤቴ በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ግቢው ጸጥ ብሏል፣ እነሱ ግን ወሬያቸውን ያወርዱታል።

እትዬ ቁጢጥ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። «እጁን ሳጣጥፍለት የኖርኩት አፉን ስይዘው ነው» አለች፣ ለማንም አልነበረም።

ኃላፊዋ ሽማግሌውን አስጠራቻቸው። «አባባ፣ ወላጆቹ መስማት እንደማይችሉ ለምን አልነገሩንም?»

«ብነግራችሁ ትቀበሉት ነበር?» አሏት።

ኃላፊዋ ልጁን አየችውና «አንድ ወር እንየው፤ ደግሞ ከነከሰ ግን ያ አባት አይለቀኝም» አለች።

ሰኞ ደንቡ ቀረ። እትዬ ቁጢጥ ልጁ ፊት ዝቅ ብላ እንደ ተማሪ ተቀመጠች። ኩባያ ታነሳለች፣ እሱ በእጁ ያሳያታል፣ እሷ ትደግማለች፣ ስታበላሽ ጣቶቿን ይዞ ያስተካክልላታል። ትዕግሥቱ! እኔ ለገዛ ልጆቼ እንዲህ ታግሼ አላውቅም። አንድ ቀን «ታጠብ» ልትለው ብላ ምን እንዳለችው እንጃ፣ መሬት ላይ ተንከባሎ ሳቀ። ሲስቅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር። እስካሁንም ምን እንዳለችው የነገረን የለም። የሚገርመው ግን ሌሎቹ ናቸው። እሷ አንዱን እስክትይዝ እነሱ አምስቱን ይዘው፣ በመኝታ ሰዓት ከአልጋ ወደ አልጋ ያለ ድምፅ ያወራሉ። በመስኮቴም አንዲት ጣት ብቅ ትልና መዳፍ ትመታለች፤ «ጨምሪልኝ» ማለት ነው፤ መብላታቸው ደግሞ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ልጁ መናከሱን ተወ። የሚሰማው ካገኘ ለምን ይነክሳል?

ወሩ ሊያልቅ ሲል ልጁ ከሸርተቴው ወድቆ ጉልበቱ ተላጠ። በፋሻ አሰርንለት። ማታ እናትየው መጣች፤ ፋሻውን ስታይ ፊቷ ተለወጠ፤ እኔን አየች፣ ዘበኛውን አየች። ሁላችንም አፍ አለን፣ ማንኛችንም አልረባናት። እትዬ ቁጢጥ ክፍሉ ውስጥ የአንዱን ልጅ ሽንት ጨርቅ እየቀየረች ነው።

ያን ጊዜ ያቺ ጉንጯን የተነከሰችው ልጅ መጥታ የሴትየዋን ቀሚስ ጎተተች። በትንንሽ እጆቿ ነገረቻት፦ ከዚያ ላይ ወደቀ፤ አላለቀሰም፤ እጁን እኔ ያዝኩት። እናትየው በጉልበቷ ወረደች። የሆነ ነገር ጠየቀቻት፤ ልጅቷ መለሰችላት። የሰው ልጅ፣ የባዳ ልጅ፣ የሦስት ዓመት ልጅ! ሴትየዋ ልጅቷን እቅፍ አድርጋ አለቀሰች።

የልጅቷ አባት፣ ያ ግንበኛ፣ ሊወስዳት መጥቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ከነሲሚንቶው። ምን እየተባባሉ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ በመስኮቴ ከልጆቹ የለቃቀምኩትን ያህል ነገርኩት። ሴት ልጁ አጠገብ ሄዶ ጎንበስ አለ።

«‘አይዞሽ’ እንዴት ነው የሚባለው?»

አሳየችው። በዚያ ሻካራ እጁ ደረቱን እያሻሸ፣ እየተሳሳተ፣ ለሴትየዋ ነገራት። ሴትየዋ ዕንባዋን ጠርጋ መለሰችለት።

«ምን አለችኝ?» አላት ሴት ልጁን።

«‘ነገ እንገናኝ’ አለችህ።»