ሬዲዮና ሦስቱ መስመሮች

ፀጉር ቤቷን የማያውቅ የሰፈር ሰው ሊኖር ይችላል፤ ድምፅዋን የማያውቅ ግን አልነበረም። ደንበኞቿ «ሬዲዮ» የሚል ስም ያወጡላት ገና ሁለት ወንበርና ጠርዙ የተሸረፈ መስታወት ይዛ ሥራ ስትጀምር ነው። አንዷን እያጠበች፣ ሌላዋን ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ አስገብታ፣ ሦስተኛዋን በር ላይ እየተቀበለች፣ ወሬውን ትናንት ካቆመችበት ትቀጥላለች። ባሏ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ቃል የሚቆጥብ ሰው። «ስንት ሰው ቤት መስመር ዘርግቻለሁ፤ የዚችን ማጥፊያ ግን የት እንደቀበሩት እስከ ዛሬ አላገኘሁትም» እያለ ይቀልድባታል። እሷም ከልቧ ትስቃለች፤ ስቃ ስታበቃ ግን ወሬዋን ትቀጥላለች።

ወጣት ሳለች ሥነ ጽሑፍ ልታጠና ኮሌጅ ገብታ ነበር። የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ አቋረጠች። «ጡት ሲተው እመለሳለሁ» አለች። ልጁ ጡት ተወ፤ እህቱ ተከተለች፤ ቀጥሎ ደግሞ የፀጉር ቤቱ ሥራ መጣ። ዛሬ ነገ ስትል ዕድሜ ሄደ። ታናሽየዋ ሥራ ይዛ ከቤት በወጣችበት ዓመት ግን ማንንም ሳታማክር ሄዳ ለቅዳሜ ትምህርት ተመዘገበች። ባሏ ያወቀው የተማሪ መታወቂያዋን ጠረጴዛ ላይ አይቶ ነው።

«ምን ልትሆኚ ነው?» አላት።

«የጀመርኩትን የምጨርስ ሰው» አለችው።

የመጀመሪያው ሴሚስተር በሰላም አለፈ። ረጃጅም ግጥሞች ነበሩ፤ እነሱን መተንተን ለእሷ ወሬ ማውራት ማለት ነው። ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ የሌሎች አገሮች ግጥም የሚል ትምህርት መጣ። መምህሯ ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ልጇ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። ሬዲዮ ለመምህርነቷ ብላ «እርስዎ» ትላታለች፤ መምህሯም ለዕድሜዋ ብላ «እርስዎ» ትላታለች። ሁለቱ ሲነጋገሩ የሚሰማ ሰው ሁለት አማቶች የተገናኙ ይመስለዋል።

አንድ ቅዳሜ መምህሯ ስለ ጃፓን ሃይኩ አስተማረች። አጭር ግጥም ነው አለች፤ በሦስት መስመር የሚጻፍ፣ ብዙ ጊዜ ወቅቱን የሚጠቁም ቃል ያለበት። ጃፓኖቹ የሚቆጥሩት የድምፅ ክፍል ነው፤ እኛ ለልምምድ ያህል ፊደል እንቆጥራለን፤ አምስት፣ ሰባት፣ አምስት። ቀጥላ ለምሳሌ ብላ ራሷ የጻፈችውን ሰሌዳው ላይ አሰፈረች፦

ዝናብ ቆመ
አንድ ጃንጥላ
ደጃፉ ላይ

ሬዲዮ አንብባ የሚቀጥለውን ጠበቀች። የሚቀጥል ነገር የለም። «የቀረውስ?» ብላ ስትጠይቅ ክፍሉ ሳቀ። መምህሯ አልሳቀችም። «ስለዚህ ግጥም የተረዳችሁትን ጽፋችሁ ኑ» አለች።

ሬዲዮ በሰምና ወርቅ ያደገች ሰው ናት፤ ግጥም ሲሰጧት ሰሙን ገልባ ወርቁን ታወጣለች። ሳምንቱን ሙሉ ቆፈረች። ጃንጥላው በችግር ቀን የሚፈለግ፣ ደስታ ሲመጣ የሚጣል ወዳጅ ነው፤ ዝናቡ የዓለም መከራ ነው፤ ደጃፉ ደግሞ የመቃብር አፍ ነው። ስትጽፍ ስትጽፍ ወረቀት አልበቃት አለ። ለደንበኞቿ ስታነብላቸው አንዷ እንባ ቀረሽ ሆነች። በኩራት አስረከበች።

የተመለሰላት ውጤት የማለፊያውን ደጅ እንኳ ያልረገጠ ነበር። ከሥሩ አንድ ጥያቄ ብቻ ተጽፏል፦ «ጃንጥላው ረጥቦ ነበር ወይስ ደርቆ?»

ሬዲዮ ወረቀቱን ይዛ መምህሯን ኮሪደር ላይ ደረሰችባት።

«ይቅርታ መምህር፤ ይሄ ምን የሚሉት ጥያቄ ነው? ግጥሙ ላይ የለም እኮ!»

«የለም። እርስዎ ግን አይተውት ቢሆን ኖሮ ያውቁት ነበር» አለች መምህሯ። «ወዳጅነትን አይተዋል፣ መቃብርን አይተዋል። ጃንጥላውን ግን ለአፍታ እንኳ አላዩትም።»

«ታዲያ ወርቁ የታለ?»

«ጃንጥላው ነው። መጀመሪያ እሱን ይዩት። ከዚያ የሚመጣ ነገር ካለ፣ እርስዎ ሳይጎትቱት ይመጣል።» መምህሯ ትንሽ አመነታችና ጨመረች፤ «ካልተመቸዎ ደግሞ በዚህ ምትክ የድራማ ትምህርት መውሰድ ይችላሉ። እዚያ ንግግር አለ፤ የሚሆንዎት ይመስለኛል።»

ለደግ ያለችው ነው። ሬዲዮን ግን እንደ በርበሬ አቃጠላት። ቤት ስትገባ ቦርሳዋን ወንበር ላይ ወርውራ ባሏን «አየህልኝ? መዳፍ በማይሞላ ግጥም ልሸነፍ?» አለችው።

ባሏ ወረቀቱን አነበበ። «ረጥቦ ነበር» አለ።

«አንተ በምን አወቅህ?»

«ዝናቡ አሁን ነው የቆመው።»

ከዚያ በኋላ ግማሽ ቀን አኮረፈችው። ግን ቁጭቷ ወደ እልህ ተለወጠ፤ እልኋም ወደ ሥራ። ድራማውን አልወሰደችም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሁሉ ቀድማ ክፍል ገባችና «መምህር፣ ምን ላድርግ? እርስዎ ይንገሩኝ እንጂ እኔ እሠራዋለሁ» አለች።

መምህሯ ያዘዘችላት ቀላል ይመስል ነበር። በየቀኑ አንድ ነገር ይዩ፤ ያዩትን ብቻ በአጭሩ ይጻፉ። «እንደ» የሚል ቃል አይጠቀሙ። «እኔ» አይበሉ። አያስረዱ።

ለሬዲዮ ይሄ ዓሣን ከውሃ አውጥቶ «በል ሩጥ» እንደማለት ነው። መጀመሪያ ስለ ካስክ ሙቀት ጽፋ «እንደ እናት እቅፍ» ብላ ዘጋችው፤ መምህሯ እቅፉን ሰረዘችው። ስለ መቀስ ጽፋ «ሕይወትን የሚቆርጥ» አለች፤ ያም ተሰረዘ። ስለ መስኮቱ ዝንብ ስትጽፍ ግን መምህሯ ብዕሯን አንስታ ቆይታ፣ ምንም ሳትሰርዝ መለሰችላት። ሬዲዮ ያን ዕለት መንገዱን እየሳቀች ነው የሄደችው። በዝንብ እንዲህ እደሰታለሁ ብላ አስባ አታውቅም።

ፀጉር ቤቱ ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ለማየት ዝም ማለት ያስፈልጋል። ደንበኞቿ ግራ ገባቸው። «ዛሬ ባትሪ ጨርሰሻል እንዴ?» አለች አንዷ። «ባልሽ ማጥፊያውን አገኘው ማለት ነው» አለች ሌላዋ። ሬዲዮ አፏ እየበላት፣ ምላሷን ነክሳ ማበጠሯን ትቀጥላለች። ቀስ በቀስ ቀድሞ ያልሰማቻቸውን ነገሮች መስማት ጀመረች። መጠቅለያው ሲፈታ የሚያወጣውን ድምፅ፤ ደንበኛዋ አንገቷን ማጠቢያው ላይ ስታሳርፍ የምታወጣትን ትንሽ እፎይታ።

ማዕዘኑ ላይ ካለው መድኃኒት ቤት የምትሠራ ፋርማሲስት የዓመታት ደንበኛዋ ናት። ቁም ነገረኛ ሴት፤ ገብታ ትታጠባለች፣ ትተኮሳለች፣ አመስግና ትሄዳለች። ሬዲዮ ስለዚች ሴት ብዙ የምታውቅ ይመስላት ነበር። ለካ ስታወራላት ኖረች እንጂ ያቺ ተናግራ አታውቅም።

አንድ ጠዋት ፋርማሲስቷ መጣች። ዝናባማ ቀን ስለነበር ሌላ ሰው አልነበረም። ሬዲዮ ሻሿን አስፈትታ ማበጠሪያውን ስታሳልፍ፣ ማበጠሪያው የወትሮውን ያህል ሳይሆን እፍኝ ሙሉ ፀጉር ይዞ ወጣ። ድሮ ቢሆን አፏ ከእጇ ቀድሞ «አይዞሽ የእኔ እህት፣ ጭንቀት ነው፣ እንቁላል ቀቢው፣ የጎረቤቴም እንዲህ ሆኖ...» ብሎ በሄደ ነበር። ቃሉ ጉሮሮዋ ድረስ መጥቶ ነበር። ዋጠችው። ፀጉሩን ሴትየዋ በማታይበት በኩል አስቀመጠች። ቧንቧውን ከፈተች፤ ውሃው እስኪሞቅ በመዳፏ ጠበቀች። ከዚያ ቀስ ብላ ማጠብ ጀመረች።

ፋርማሲስቷ ዓይኗን እንደጨፈነች «ጡቴ ላይ ነው ያገኙት» አለች። «መድኃኒቱን ከጀመርኩ ሰንብቻለሁ። ለእናቴም አልነገርኳት።»

ሬዲዮ እጇን አላነሳችም።

«ለሰው ሁሉ የመድኃኒት አወሳሰድ የማስረዳ ሴት፣ ለራሴ ሲሆን ወረቀቱን ማንበብ አቃተኝ» አለችና ፋርማሲስቷ ትንሽ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ ለቅሶ ሆነ። ሬዲዮ ፎጣ አምጥታ ራሷን ጠቀለለችላት፤ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች። ያቺ አልቅሳ እስክትጨርስ አንዲት ቃል አልወጣትም።

ስትሄድ በሩ ላይ ዞር ብላ «ከሰው ሁሉ አንቺ ጋ እናገራለሁ ብዬ አልጠበቅኩም» አለቻት።

«እኔም» አለች ሬዲዮ።

ብቻዋን ስትቀር ማበጠሪያውን አጠበች። ከዚያ እስክሪብቶ አነሳች። ብዙ መጻፍ አላስፈለጋትም፤ በጣቷ ቆጥራ አየችው፣ አልጎደለም፣ አልተረፈም፦

ማበጠሪያ
ፀጉር ይዞ ወጣ
ውሃው ሞቀ

የማጠቃለያው ፈተና አንድ ሃይኩ ጽፎ በክፍል ውስጥ ማንበብን ይጨምራል። ይሄኛው ከዝንቧም ከሌሎቹም እንደሚበልጥ ታውቀዋለች። ግን ምሥጢሩ የሰው ነው። ስለዚህ ፋርማሲስቷ እንደገና ስትመጣ ወረቀቱን ሰጠቻትና «ካልፈቀድሽ እዚሁ እቀደዋለሁ» አለች።

ፋርማሲስቷ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። «ስሜ የለበትም» አለች። «በሽታውም የለበትም። አንብቢላቸው።» ቀጥላም ሻሿን ፈታችና «ዛሬ ግን የመጣሁት ጨርሰሽ እንድትላጪኝ ነው። በየትራሱ እየለቀምኩት ከምኖር እኔው ላስወርደው» አለች። ሬዲዮ የበሩን መጋረጃ ዘጋችና ላጨቻት።

በፈተናው ቀን ግጥሙን አነበበች። ከኋላ የተቀመጠ ወጣት የባንክ ሠራተኛ «ሞቀ ማለት ተስፋ አለ ማለት ነው?» ብሎ ጠየቃት። ሬዲዮ ስንት ነገር ልትለው ትችል ነበር! የሴትየዋን ድፍረት፣ የዓመታቱን ዝምታ፣ ሁሉንም። ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ ተጭና «ውሃው ነው የሞቀው» አለችና ተቀመጠች።

መምህሯ አመሰገነቻት፤ ነገር ግን ዝም ብላ አላሳለፈቻትም። «‹ይዞ› የሚለው ማበጠሪያውን ሰው አያስመስለውም?» አለች። «ወቅቱንስ የቱ ቃል ይጠቁማል?» ሬዲዮ ለመጀመሪያው ተከራከረች፤ ለሁለተኛው ግን «እሱን አልቻልኩም» አለች። ውጤቷ ጥሩ ሆነ፤ ከክፍሉ አንደኛ ግን አልነበረችም። አንደኛ የወጣው የባንክ ሠራተኛው ነው። ስለ ዝናብ ጽፎ።

ፋርማሲስቷ በመጨረሻ ለእናቷ ነገረቻቸው። ሕክምናዋን ገና አልጨረሰችም፤ ደህና የሆነችበት ሳምንት አለ፣ ያልሆነችበትም አለ። የሚላጭ ፀጉር ባይኖራትም ፀጉር ቤቱ መምጣቷን አልተወችም፤ ራሷን በሞቀ ውሃ ታጥባ፣ አረፍ ብላ ትሄዳለች። ሬዲዮ አንዳንዴ ታወራላታለች፣ አንዳንዴ ዝም ትላለች። የትኛው መቼ እንደሚያስፈልግ ሁልጊዜ ባታውቅም፣ ቀድማ ትመለከታለች።

አሁን ሦስተኛ ዓመት ገብታለች። በዚህ ሴሚስተር የደረሳት እንደ ትራስ የወፈረ ልቦለድ ነው። ምሳ ሰዓት ላይ ካስኩ ሥር ተቀምጣ ስታነብ ያገኟት ደንበኞቿ እንዴት እንደሆነ ሲጠይቋት ገጹን ገልብጣ እያሳየች «ሰውየው ወሬ ያበዛል» ትላለች። «ግን እጨርሰዋለሁ።»